ዘጠነኛ ክፍል ስንት ነበራችሁ?

አሳይመንት የሚሰጡን የዲፓርትመንታችን መምህራን ብቻ አይደሉም። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለዕረፍት ቢታ ገነት ገብቼ፣ ማታ ቡና እየቆላሁ፣ አባቴ እስከ ዛሬ ከተሰጡኝ ሁሉ የከበደውን አሳይመንት ሰጠኝ። ታናሽ ወንድሜ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሷል። የዚያ ዓመት ቡና ደህና ዋጋ አውጥቷል። ጅማ የምትኖረው አክስቴ ደግሞ "ልጁን ላኩልኝ፣ እኔ ጋ ሆኖ ይማር" ብላለች። ለቤቷ የሚቀርቡ ሁለት የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። የትኛው ይሻላል? አክስቴ አላወቀችም። አባቴም አላወቀም።

"አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ እንዴ?" አለኝ። "ልጁን ይዘሽ ሂጂ፣ ጠይቂ፣ የሚሻለውን ነግረሽኝ እከፍላለሁ።"

ጋዜጠኛ! ሁለተኛ ዓመት ነኝ እኮ። እስካሁን ታትሞ የወጣልኝ ጽሑፍ ቢኖር ስለ ካፌው ሽሮ የጻፍኩት ብቻ ነው፤ እሱም ሽሮውን አላሻሻለውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ቅር ብሎኛል። ለእኔ ቡና ተሸጦ የግል ትምህርት ቤት አልተፈለገልኝም። እዚያው ቢታ ገነት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም። የፊዚክስ መምህራችን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ የባትሪ ድንጋይና ሽቦ ከቤታቸው ይዘው፣ አምፖል አብርተው ያሳዩን ነበር። ያቺ አምፖል ስትበራ ክፍሉ ሁሉ ያጨበጨበው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን የተፈተንኩት በ2015 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መፈተን ከጀመረ ሁለተኛ ዙር መሆኑ ነው። ከተፈተነው ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ ነበር፤ 3.2 ከመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,328 ነበሩ። እኔም ከ3.2ቱ ውስጥ አልነበርኩም። በሬሜዲያል ነው የገባሁት። አንድ ዓመት ሄደብኝ ማለት ነው። ውጤቱን የሰማን ቀን አባቴ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ለወንድሜ ግን ያኔውኑ የወሰነለት ይመስለኛል።

እንግዲህ ወንድሜን ይዤ፣ ከቢታ ገነት ቦንጋ፣ ከቦንጋ ጅማ። የክረምት መንገድ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ደግሞ ጫማችንን ስናጥብ ነው ያመሸነው ብል ይበቃል።

ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ስም አልጠራም። "አንደኛው" እና "ሁለተኛው" ልበላቸው፤ አንደኛው ያልኩትም መጀመሪያ ስለሄድንበት ብቻ ነው። ይገርማችኋል፣ መንታ ናቸው! ሁለቱም ለመኖሪያ ተብሎ የተሠራ ፎቅ ናቸው። ሁለቱም ግቢያቸው ኮብልስቶን ነው፤ ሁለቱም ኳስ ሜዳ የላቸውም። ዩኒፎርሙ አንዱ ጋ ሰማያዊ፣ ሌላው ጋ ትንሽ የደመቀ ሰማያዊ ነው። በራሪ ወረቀታቸው ላይ "ብቁና በሥነ ምግባር የታነፀ ዜጋ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አንድ ነው፤ ማተሚያ ቤቱም አንድ ሳይሆን አይቀርም። የክፍያቸው ልዩነት በወር 150 ብር ነው። ሁለቱም በኢንስፔክሽን "ደረጃ 3" ናቸው።

ይህን ደረጃ የሚሉትን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ወላጆች ሲጠሩት እንጂ ሲያወሩበት ሰምቼ ስለማላውቅ። ኢንስፔክተሮች ትምህርት ቤትን የሚለኩት በ26 ስታንዳርዶች ነው። ለግብዓት 25፣ ለመማር ማስተማሩ ሂደት 35፣ ለውጤት 40 ከመቶ ይሰጣል። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ 90 እና ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። አስተዋላችሁ? 71 ያመጣና 89 ያመጣ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚለጥፉት ቁጥር ያው 3 ነው። ስለዚህ "ደረጃ 3 ነን" ሲሉኝ "ስንት አግኝታችሁ?" አልኩ። አንደኛው ጋ ወረቀቱ ባለቤቱ ዘንድ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው። ሁለተኛው ጋ 74።

አንደኛው በር ላይ ትልቅ ባነር አለ፤ "በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞቻችንን 100% አሳልፈናል!" በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ያለፈው 5.4 ከመቶ ነው። 100! ልቤ ደነገጠ። እውነቴን ነው፣ በቃ እዚሁ እናስመዝግበው ብዬ ነበር። ወንድሜ ነው ያዘገየኝ። መዝገብ ቤቷ ፎርሙን እያወጣች ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መጽሐፍ ለስንት ለስንት ነው?" አላት።

ሴትዮዋ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። የአገሩን ልጅ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ ቢታ ገነት ልጅ አዲስ ዓመት ሲጀምር መጀመሪያ የሚያጣራው አንድ መጽሐፍ ለስንት እንደሚደርስ ነው። "እዚህ እኮ ወላጅ ይገዛል፣ ካልተገኘ ኮፒ ነው" አለችው። ግን ጥያቄው እኔን ቀሰቀሰኝ። እሱ "ለስንት" ሲል ነው እኔም ባነሩን አይቼ "ከስንት?" ያልኩት።

ከ14 ተማሪ 14 አለፉ። መልካም። "እነዚህ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል እያሉ ስንት ነበሩ?" ስላት ፎርሙን ወደ መሳቢያው መለሰችው። "እሱን ዳይሬክተሩን ጠይቂ" አለችኝ። ዳይሬክተሩን ጠበቅናቸው፣ መጡ፣ ስብሰባ አለኝ ብለው ሄዱ።

መምህራችን "አንድ ምንጭ ወሬ ነው፣ ሁለት ምንጭ ዜና ነው" ይሉናል አይደል? ከግቢው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ የሚሠራ ልጅ አገኘሁ። እዚያው ነበር የተማረው። "ሁለት ሴክሽን ነበርን፣ ወደ 60" አለኝ። እሱ 11ኛ ላይ አማካዩ ስለወረደ ቤተሰቡ ተጠርቶ መልቀቂያ እንዲወስድ "ተመክሯል"። ማንም አላባረረውም፣ ተመከረ እንጂ። ትንሽ ቆይታ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ደግሞ የራሷ ትልቅ ልጅ በዚያው መንገድ እንደወጣ ነገረችኝ። ታዲያ ሁለተኛውን ልጅ ለምን አመጣሽው ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ይሄኛው ጎበዝ ነው።"

እንግሊዝ አገር ይህ ነገር ስም እንኳን ወጥቶለታል። "ኦፍ ሮሊንግ" ይሉታል፤ የትምህርት ቤቱን ውጤት ላለማበላሸት ደካማውን ተማሪ ከመዝገብ ማውጣት ማለት ነው። የእነሱ የትምህርት ተቆጣጣሪ፣ ኦፍስቴድ፣ ሪፖርት አውጥቶበታል። እኛ ጋ ስሙ "ምክር" ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ባነር የለውም። ዳይሬክተሩ የደከማቸው የሚመስሉ ሰውዬ ናቸው። ያንኑ ጥያቄ ስጠይቃቸው አልተቆጡም፤ ባለ መስመሩን ትልቅ መዝገብ ከመደርደሪያ አወረዱና በጣታቸው እየቆጠሩ፣ "33 ገቡ። 27 ተፈተኑ። 10 አለፉ" አሉኝ። የጎደሉት ስድስቱስ? "አራቱ ቤተሰብ ተዛውሮባቸው ነው። ሁለቱን አላውቅም።" ይህ "አላውቅም" የሚለው ቃል ሆዴን አባባው። ስለ መጽሐፍም ወንድሜ ራሱ ጠየቃቸው። አልሳቁም። "ባዮሎጂ ለሁለት አንድ ነው፣ ሌላው በኮፒ" ብለው ለእሱ መለሱለት፤ ለእኔ አይደለም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ክፉው 100% ያለው፣ ደጉ 10 ከ33 ያለው። ግን ስወጣ ደረጃው ላይ ያገኘኋቸው ሁለት ልጆች "ሒሳብ አምና ሦስት መምህር ነው የቀያየረን" አሉኝ። ተመልሼ ገባሁ። ሰውዬው አልካዱም። የክረምቱን ሁለት ወር ደመወዝ ስለማይከፍሉ መምህራኑ ሌላ እያገኙ ይሄዳሉ። አንደኛው ትምህርት ቤትስ? ዓመቱን ሙሉ ይከፍላል፤ መምህራኑም ከቆዩ ቆይተዋል። ያ ልጆችን "የሚመክረው" ትምህርት ቤት ለመምህሩ ደህና ነው፤ መዝገቡን ገልጦ ያሳየኝ ደግሞ መምህር ማቆየት አልቻለም። እንግዲህ ምረጡ! ወንድሜ ጎበዝ ሆኖ ከ14ቱ አንዱ ቢሆንስ? ባይሆንስ? ያቺ እናት "ይሄኛው ጎበዝ ነው" ያለችው እኔም ውስጥ አለች፤ ሌሊቱን አክስቴ ቤት ፍራሽ ላይ ተኝቼ 14ን ለ60፣ 10ን ለ33 ሳካፍል ነበር። አንዱ 23 ከመቶ አካባቢ፣ ሌላው 30። እሱም ፍትሐዊ ስሌት አይደለም፤ ከ60ዎቹ የወጡት ሌላ ቦታ ሄደው አልፈው ሊሆን ይችላላ።

በማግስቱ ተመለስን። አውቶቡሱ ወደ ጎጀብ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል። ድልድዩን ስንሻገር ወንድሜ በመስኮት እያየ በካፊኛ፣ "እኔ ግን እዚያው ቤታችን ብማር ይሻለኛል" አለኝ።

"ለምን?"

"አያቴ ዛፍ መውጣት አቁሟል። ቀፎውን ማን ያወርዳል?"

እኛ ጋ ቀፎ የሚሰቀለው ጫካ ውስጥ፣ ረጅም ዛፍ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሆኖታል እሱ መውጣት ከጀመረ። ምንም አልመለስኩለትም። አራት ቀን ሙሉ ዳይሬክተር፣ መዝገብ ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የማላውቃት እናት ሳይቀሩ ስጠይቅ፣ የሚማረውን ልጅ አልጠየቅኩትም ነበር።

ቤት ገብተን ለአባቴ ሪፖርቴን አቀረብኩ። 14፣ 60፣ 33፣ 27፣ 10፣ 74፣ ሦስቱን የሒሳብ መምህራን፣ ሁሉንም ዘረዘርኩ። ሁለተኛው ይሻላል አልኩ። ጎጀብ ላይ የሰማሁትን ግን አልተናገርኩም። ለምን? አባቴ ደስ ብሎት ነበር። ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ያላገኘሁትን ዕድል እሱ በቀፎ ሊለውጠው ሲል ተናደድኩ። አንደኛውን ትምህርት ቤት የጎደሉትን ልጆች ደበቀ ብዬ ስከሰው የከረምኩት ሰውዬ፣ ከራሴ ሪፖርት አንድ ሰው አጎደልኩ።

ወንድሜ ሊሄድ አንድ ሌሊት ሲቀረው አላስቻለኝም፤ አባቴን ውጭ ጠርቼ ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

"ለእኔም ነግሮኛል" አለ። "ቀፎውን እኔ እወጣለሁ። አንድ ዓመት ይሞክረው። ከጠላው ይመለሳል፣ ትምህርት ቤቱ እንደሆነ እዚሁ አለ።" ከዚያ ወደ ቤት ሊገባ ሲል ቆም ብሎ፣ "አንቺንም ያኔ አልጠየቅንሽም" አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

አሁን ወንድሜ ጅማ ነው፣ ሁለተኛው ትምህርት ቤት። የሒሳብ መምህሩ እስካሁን አልተቀየረም። እሁድ እሁድ እየሄድኩ አየዋለሁ፤ አማርኛው ፈታ ብሏል፣ ከሰፈሩ ልጆች ኦሮምኛም ለቃቅሟል። የአክስቴን ልጆች ያስጠናል፣ ውሃም ይቀዳል፤ ይህንን አባቴ ባያነበው ደስ ይለኛል። ኅዳር ላይ የቡና ለቀማ ሲጀመር ሁለት ሳምንት ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ ኋላ ተወው። እኔም ስገባ ስለ ውጤቱ ከመጠየቄ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ለምዶታል፣ ገና በር ላይ ሳለሁ ይነግረኛል። መስከረም ላይ 41 ነበሩ።

ባለፈው እሁድ "ዛሬስ?" አልኩት።

"39" አለኝ። "ግን አንዱ አሞት ነው፣ ይመጣል።"