የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ፦ ዓሣ ማጥመድ

ልጆች ሳለን ጋዜጣና መጽሔት ላይ የብዕር ጓደኛ መፈለጊያ ዓምድ ነበር፤ ታስታውሱት እንደሆን። ስም፣ ዕድሜ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ከዚያ ደግሞ “የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ”። የሁላችንም መልስ አንድ ነበር፤ መጽሐፍ ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ፣ ቴምብር መሰብሰብ። እኔ በዕድሜዬ የሰበሰብኩት ቴምብር ሦስት ነው፤ ሦስቱንም ከአጎቴ ደብዳቤዎች ላይ በውሃ ነክሬ ያላቀቅኳቸው ናቸው። ትርፍ ጊዜስ ሞልቶ ተርፎን ነበር። ማሳለፊያ መፈለግ አያሻም፤ በር ላይ መቆም ይበቃል። አላፊ አግዳሚው ያሳልፍልሃል።

ዋሽንግተን ስገባ ግን ትርፍ ጊዜ የሚባለው ራሱ ጠፋ። እንደ ብዙው የዚያን ዘመን አበሻ ፓርኪንግ ገባሁ። ከመሬት በታች ሦስት ፎቅ፣ የቤንዚንና የጎማ ሽታ። በክረምቱ ሳይነጋ ትወርዳለህ፣ ከመሸ ትወጣለህ፤ ፀሐይ ለሌላ ሰው የወጣች ይመስልሃል። ምሳችንን የምንበላው ሒሳብ የምንቀበልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ሽሮ ያመጣል፤ ቀኝ እጃችን ሲጎርስ ግራው ቲኬት ይቀበላል። ልብሴን ብትጨምቁት ግማሹ የመኪና ጭስ፣ ግማሹ በርበሬ ይወጣዋል። ማታ ሌላ ሥራ አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እንቅልፍ።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ነጠላችንን እንደለበስን፣ “ና፣ ትንሽ አየር እንቀበል” ብሎ ሄይንስ ፖይንት ወሰደኝ። በፖቶማክ ዳር ያለች፣ ውሃ በሦስት በኩል የከበባት የመናፈሻ ጫፍ ናት። ከመኪናው ስወርድ ክው አልኩ። አንድ ግዙፍ ሰው ከሣሩ ውስጥ እየወጣ ነው! አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤ አንድ እጁ ወደ ሰማይ ተዘርግቷል፤ ጉልበቱ ከወዲያ ብቅ ብሏል። ለካስ ሐውልት ኖሯል። ልጆች ጣቶቹ ላይ ይንጠላጠላሉ፣ አፉ ውስጥ ገብተው ፎቶ ይነሣሉ። “ሊወጣ ነው ወይስ ሊሰምጥ?” አልኩት ጓደኛዬን። ትንሽ አሰበና፣ “እንደኛ ነው፤ ግማሹ ወጥቷል” አለኝ።

እሱ መኪናው ውስጥ ሲያንቀላፋ እኔ ወደ ውሃው ሄድኩ። በብረቱ አጥር ላይ የመንጠቆ ዘንጎች ተደርድረዋል። ጥቁሩ፣ ላቲኖው፣ እስያዊው፣ ሁሉም ባልዲውን እግሩ ሥር አድርጎ ዝም ብሏል። አሜሪካ ውስጥ የማይቸኩል ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አንድ የቬትናም ሽማግሌ ነጠላዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ አንዱን ዘንጉን አንሥቶ ሰጠኝ። እንዲሁ። ስሜንም አልጠየቀኝ። በቀጣዩ ሳምንት ብቻዬን በአውቶቡስና በእግሬ ተመልሼ ሄድኩ።

የሽማግሌው እንግሊዝኛ ከእኔም የባሰ ነበር፤ ስለዚህ ተግባባን። ትል እንዴት እንደሚሰካ፣ የዶሮ ጉበት ለየትኛው ዓሣ እንደሚሆን፣ ክሩ በጣትህ ላይ ሲነዝር መቼ መሳብ፣ መቼ መታገሥ እንዳለብህ በእጁ አሳየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩት ትልቅ አምባዛ ነበር። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ግን አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ እናቴ ቤት ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም። ወደ ሽማግሌው ባልዲ ጨመርኩት። ግራ ገባው፤ ኋላ ከራሱ ባልዲ ቅርፊት ያላቸውን ትንንሾቹን መርጦ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ውላችን ይኸው ሆነ፤ አምባዛው ለእሱ፣ ባለ ቅርፊቱ ለእኔ። ትንሽ ቆይቼ ስሰማ፣ ያን ጊዜ የከተማው ጤና ክፍልም ከዚያ ወንዝ አምባዛ አትብሉ ይል ነበር። ከብክለቱ የተነሣ ነው። ጤና ክፍሉና ኦሪት በአንድ ቃል ሲናገሩ ሽማግሌው ሁለቱንም አልሰማም።

እኔ በጀበና የፈላ ቡና በፔርሙስ ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሲቀምሰው ዓይኑ ፈጠጠ። በሳምንቱ የጣፋጭ ወተት ቆርቆሮ ከኪሱ አወጣና ሲኒው ውስጥ አንጠፈጠፈበት፤ በእነሱ አገር ቡና እንዲያ ነው። አያቴ ብታይ ታለቅስ ነበር፤ እኔ ግን ወደድኩት። ስሜ ስላስቸገረው “ኮፊ” ብሎ ጠራኝ። እሱ ደግሞ ደረቱን እየነካ “ባክ” አለኝ። ዓመታት ሙሉ ባክ እያልኩ ስጠራው፣ ለካ ስሙ አልነበረም። አንዲት ቬትናማዊት የሥራ ባልደረባዬ ስትነግረኝ ነው የገባኝ፤ ለታላቅ ሰው የሚባል ነው፣ እንደኛ “ጋሼ”።

የዚያ ቦታ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ጭቃ፣ ዝናብ የነካው ሣር፣ ቡና፣ የዶሮ ጉበት። ከወንዙ ማዶ ኤርፖርት ስላለ አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። መጀመሪያ አካባቢ እያንዳንዱን ቀና ብዬ እከተለው ነበር። ኋላ ዓይኔ ከክሩ ላይ መነሣት ተወ። መቼ እንደተወ አላውቅም።

በጸደይ ደግሞ ቼሪው አለ። ዋሽንግተን የምትታወቅባቸው፣ የቶኪዮ ከንቲባ በ1912 እ.ኤ.አ. በስጦታ የላካቸው ዛፎች ሲያብቡ አገር ምድሩ ካሜራ ይዞ ይመጣል። እኛ ዘንድ የሚበዙት ግን ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ደመቅ ያለ ሮዝ፣ ድርብርብ አበባ ያላቸው፣ ሁለት ሳምንት ያህል የሚዘገዩ። ቱሪስቱ ሻንጣውን ዘግቶ ሲሄድ የእኛዎቹ ያብባሉ። አበባው ባልዲያችን ውስጥ ይረግፋል።

በስልክ ካርድ አገር ቤት ስደውል እናቴ ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ “ሥራስ እንዴት ነው?” አንድ ቀን ደስ ብሎኝ፣ ዛሬ አራት ዓሣ ያዝኩ አልኳት። ዝም አለች። ካርዱ እየቆጠረ ነው። “ምነው ልጄ፣ ከሥራ አስወጡህ እንዴ?” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዓሣ አላነሣሁባትም።

አሁን በሠራሁበት ፓርኪንግ ቲኬቱን የሚቀበለው ማሽን ነው። ግዙፉንም ሰውዬ በ2008 እ.ኤ.አ. ነቅለው ሜሪላንድ፣ ናሽናል ሃርበር አሸዋ ላይ ተክለውታል፤ በሱቅና በሆቴል መካከል እዚያም ይጮኻል። ባክ አንድ ጸደይ አልመጣም። በቀጣዩም አልመጣም። የምጠይቅበት ስም አልነበረኝም።

ልጄ ቅጽ ስትሞላ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ያቺው የድሮዋ ጥያቄ በእንግሊዝኛ መጣች። “አባዬ፣ የአንተ ምንድን ነው?” አለችኝ። ዓሣ ማጥመድ አልኳት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያች ጥያቄ እውነቱን መመለሴ ነበር።

እናንተም ባሕር ማዶ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ ስለ ሥራው መጠየቁ አይቀርም፤ ጠይቁት። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ግን፣ “እሑድ እሑድ የት ትውላለህ?” በሉት።