የተቆረጠ ቮልስ ለምን ይጠመዘዛል?

አዲስ አበባና ቮልስ የቆየ ትውውቅ አላቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነው። ዛሬ ደህና ቮልስ ያለው ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። አካሉ በዝገት ያለቀው ግን ሌላ ሐሳብ ይጋብዛል፦ ጣሪያውን ቆርጦ፣ ፓራፋንጎውን አውልቆ፣ ላንጋኖ ዳር አሸዋ ላይ የሚጋልብ ቡጊ ማድረግ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለዚህ የሚሆን እጅ አይጠፋም። ከጎፋ ማዞሪያ እስከ መካኒሳ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ግራይንደርና የብየዳ ማሽን ያለው ቤት ሞልቷል። ጣጣው የሚጀምረው ጣሪያው ከወረደ በኋላ ነው። አንዱ ጎማ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲወጣ መኪናው ከወገቡ ይጠመዘዛል፤ የፊቱና የኋላው የየራሳቸውን መንገድ የሚሄዱ ይመስላሉ።

የቮልስ ወለል ላሜራ ነው። መሃል ለመሃል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዝግ ቦይ አለው፤ የፍሪሲዮን፣ የነዳጅና የእጅ ፍሬን ገመዶች፣ የማርሹም ዘንግ በውስጡ ያልፋሉ። ብዙ ሰው ይህን ቦይ ሲያይ ሻንሲው ብቻውን የሚበቃ ይመስለዋል። ከላይ በቡሎን የሚታሰረው አካል ግን ከሸክሙ ትልቁን ድርሻ ይጋራል። ፋብሪካው ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርማን የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው ባለ ሸራ ጣሪያ ቮልስ፣ የብረት ጣሪያ ሳይኖረው ከመደበኛው ይከብዳል። አንዱ ምክንያት ከበሩ ስር የተጨመረለት ማጠናከሪያ ነው።

ቡጊን ለዓለም ያስተዋወቀው ብሩስ ሜየርስም ችግሩን በራሱ መንገድ ነው የፈታው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የፋይበርግላስ ጀልባ ሲሠራ የኖረው ይህ ሰው በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ሜየርስ ማንክስ የቮልስ ወለል አልነበረውም፤ ሸክሙን የተሸከመው ፋይበርግላሱ ራሱ ነበር። ይህ ወጪው ስላልተቻለ በኋላ የመጡት በ36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ባጠረ የቮልስ ወለል ላይ ተቀመጡ። በ1967 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው የሜክሲካን 1000 ውድድር አንድ ማንክስ በ27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ አንደኛ ወጣ። ማሳጠሩ መልክ ከመስጠት ያለፈ ጥቅም አለው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው 2.40 ሜትር ወደ 2.04 ሲወርድ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ወለሉ በክብደት የሚጎብጠው መጠን በ40 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

የሰፈር መፍትሔ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ወፍራም ብረት ጨምርበት!» እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያዋጣል። ባለ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ውፍረቱ ከ2 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ቢያድግ፣ ክብደቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ መጠምዘዝን የሚቋቋመው ግን 1.7 እጥፍ ብቻ ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጎኑ ወደ 80 በ80 ቢሰፋ በተቀራራቢ ክብደት ከስምንት እጥፍ በላይ ይቋቋማል። ስለዚህ ከበሩ ስር በሚገባው ብረት ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከውፍረት ይልቅ ስፋት ቢገዛ ይሻላል።

ሌላው ቁም ነገር መዘጋት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ቢሰነጠቅ፣ መጠምዘዝን የመቋቋም አቅሙ ከ400 ጊዜ በላይ ይወርዳል። አንድ ግራም ብረት ሳይጎድልበት! ገመድ ለመቀየር ተብሎ የተከፈተ ቦይ፣ ወይም ዝገት የበላው የጎን ሳጥን በስቱኮ ተሸፍኖ ሲታለፍ የሚሆነው ይኸው ነው። ቮልስ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከኋላ ወንበር ስር ባትሪው የሚቀመጥበት ጥግ ነው፤ የባትሪ አሲድና የክረምት ውኃ ተባብረው ወለሉን ይበሱታል። እዚያ ላይ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ የተበየደ ቁራጭ ላሜራ ቀዳዳውን ይደፍን ይሆናል እንጂ ሸክም አያስተላልፍም።

የግቢ በር የሚሠራ በያጅ የቀረውን ያውቀዋል። አራት ቱቦላሬ አገናኝቶ ቢተወው በሩ ውሎ አድሮ ይዘማል፤ ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ ብረት ሲበይድበት ወይም ላሜራ ሲያለብሰው ቀጥ ይላል። ከሾፌሩ ጀርባ የሚቆመው ቅስት ቱቦም እንደዚሁ ነው። ወለሉ ላሜራ ላይ ብቻ ከታሰረ ጌጥ ነው፤ ከጫፉ ወደ ኋላ ወርደው የኋላ ሾክ የሚታሰርበትን ቦታ የሚይዙ ሰያፎች ሲኖሩት ግን ሥራ ይሠራል።

የቅጥቅጥ አይሱዙ ተሳፋሪ ደግሞ ተቃራኒውን አይቷል። የጭነት መኪና ሻንሲ በመጠኑ እንዲላወስ ታስቦ የተሠራ ነው። ግትር አካል በላዩ ላይ ድርቅ ተደርጎ ሲታሰር ጥምዘዛውን አካሉ ይቀበለዋል፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም የመስኮቱ ጥግ ነው። ቡጊ ይህን መንገድ መከተል የለበትም፤ ሻንሲውና አካሉ እንደ አንድ ሳጥን መሥራት አለባቸው።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሻንሲው የኋላ ግራና ቀኝ በድጋፍ ላይ አጥብቆ ይታሰራል፣ ፊቱ መሃሉ ላይ በአንድ ክብ ብረት ብቻ ይቀመጣል፤ ከፊት በአግድም በተበየደ ረጅም ቱቦ ጫፍ ላይ ሰው ይቆምና ሻንሲው በግራና በቀኝ ከመሬት ያለው ርቀት ይወሰዳል። ይህ ከመቆረጡ በፊት አንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ማጠናከሪያ ከገባ በኋላ ደግሞ እንደገና ነው። ሲበየድም አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይበጅም፤ ሙቀቱ ሻንሲውን ወደ ራሱ ይስባል። መጀመሪያ ሁሉም በነጥብ ተይዞ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ነው የሚሞላው።

የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ስር፣ ቦዩ ጀርባ ላይ ነው የተቀረጸው። ወለሉን የሚያሳጥር ሰው የሚቆርጥበትን መስመር ከዚያ ፊት ያድርግ፤ ቦሎ ሲታደስ መርማሪው የሚፈልገው እሱን ነው።