የሳሳ አየርና መሬት የማይቆነጥጥ ጎማ
በ402 ሜትር ቀጥ ያለ ጎዳና ላይ የሚካሄደው የድራግ ውድድር የሞተርን ጉልበት ብቻ የሚለካ ይመስላል፤ ሆኖም በኮሎራዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,760 ሜትር ገደማ ላይ በነበረውና በ2023 እ.ኤ.አ. በተዘጋው የባንዲሜር መወዳደሪያ፣ አየሩ ሳስቶ ነዳጅ የሚያነድደው ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው መኪና ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣ ነበር። የሳሳ አየር መኪናውን የሚገታበት ኃይልም አነስተኛ ነው፤ ይህ ግን ኪሳራውን አይሸፍንም። ለጉልበተኛ መኪና የባሰው ፈተና ሰበቃ፣ ይኸውም ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት ኃይል ነው፤ ከዚያ በላይ ጉልበት የደረሰው ጎማ ባለበት ይሽከረከራል፣ በመጀመሪያዎቹ 18 ሜትሮች የባከነውም ጊዜ በኋላ አይካካስም። የመሮጫውን ከፍታና የአስፋልቱን ሁኔታ ሳይጠቅሱ የባለ 1,000 ፈረስ ጉልበት መኪናን ሰዓት ማውራት ከጉራ አያልፍም።