ያልነገርኳቸው የቤት ኪራይ

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት እንጀራዬ ከገጠር ልጆች እየመለመሉ ወደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማስገባት ነበር። አለታ ወንዶ፣ ሁላ፣ በንሳ፣ ዳሌ እየዞርኩ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን በቀበሌ አዳራሽ አሰባስብና ስለ ፓርኩ አወራላቸዋለሁ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. መመረቁን፣ ሲሞላ 60,000 ሰው እንደሚያሠራ፣ እዚያ የተሰፋ ሸሚዝ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ እንደሚሰቀል። መነሻ ደመወዙ 650 ብር፣ ምሳ አለ፣ ሰርቪስ አለ። አንድም ውሸት አልነበረበትም። ውሸታም ነኝ ብዬ አስቤ የማላውቀውም ለዚህ ነው።

የዘለልኩት ቤት ኪራዩን ነበር። በፓርኩ ዙሪያ፣ ዳቶ አካባቢ፣ ሠራተኛው በጎረፈ ቁጥር ኪራዩ ይጨምራል። ብቻዋን ክፍል ልያዝ ያለች ልጅ ደመወዟ ለኪራዩም አይበቃትም። ስለዚህ አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ፣ ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፋሉ፣ ውሃ በጄሪካን ይገዛሉ። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ አባቶች ጠጋ ብለው «ማታ የት ነው የምታድረው?» ይሉኛል። «ከጓደኞቿ ጋር» እላለሁ። እሱም እውነት ነው። የምለካው ባመጣሁት ሰው ብዛት ስለነበር ከዚህ በላይ አንድ ቃል ብጨምር ግማሹ አባት ልጁን ይዞ እንደሚሄድ ይገባኝ ነበር።

የሠራሁበት ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ላይን የምታሠለጥን አንዲት ፊሊፒንሳዊት ነበረች። ሐዋሳ ከመምጣቷ በፊት ካምቦዲያ ሠርታለች፤ ልጆቿን እናቷ ዘንድ ትታ ከአገር አገር ስትዞር ዓመታት አልፈዋል። ከእንጀራ ጋር እስከ መጨረሻው አልተስማማችም። እሁድ እሁድ አሞራ ገደል ወርዳ ቆሮሶ ትገዛና በአቼቶና በነጭ ሽንኩርት ቀቅላ በሩዝ ትበላለች። አንድ ቀን አቀመሰችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ሚጥሚጣ ይጎድለዋል።

አገሯ ሰው መላክን እንደ ሥራ ከያዘው ቆይቷል። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 የሠራተኛ ሕግ ካወጣ ጀምሮ ወደ ውጭ የሚሄደውን ራሱ ይመዘግባል፣ ውሉን ያያል፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ከመሳፈሩ በፊት ቁጭ አድርጎ ማስተማር ጀምሯል። የት እንደምታድሪ፣ ምን እንደሚቆረጥብሽ፣ ሲከፋሽ ለማን እንደምትደውዪ። እሷ ይህንን ተምራ፣ ማደሪያዋም በውሏ ተጽፎላት ነው ሐዋሳ የገባችው። ፊሊፒንስ ለሠራተኞቿ ገነት ናት ማለቴ አይደለም፤ የሚበደል ሞልቷል። ግን ሴትየዋ ሰው ሲላክ ምን ሊነገረው እንደሚገባ ታውቃለች።

አንድ ቀን ከሁላ ያመጣኋት ልጅ ማሽኗ ላይ ወደቀች። ክሊኒክ ወስደን ስኳር በውሃ ስናጠጣት ነቃች። አሠልጣኟ ምን እንደበላች ጠይቅልኝ አለችኝ። በሲዳምኛ ጠየቅኳት። ከትናንት ምሳ ወዲህ ምንም። ኪራይ የሚከፈልበት ሰሞን ነበር። ሴትየዋ ዝም ብላ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ስትመጣ የክፍል ኪራይ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነግሯት ነበር?» አለችኝ። «አዎ፣ ታውቃለች» አልኩ። ልጅቷ እንግሊዝኛችንን አልሰማችም፤ ግን ዓይኖቿ ከእኔ ላይ አልተነሱም። ያን ቀን የመለስኩት ግን እንደሌሎቹ ግማሽ እውነት አልነበረም፤ ጥርት ያለ ውሸት ነው።

የከፋው ደግሞ ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ነው። ልጆቹ ለፍቼ ጨምበላላ ፈቃድ ወጥተው በዚያው ይቀራሉ። ለምን ይለቃሉ ተብዬ ስጠየቅ በሪፖርቴ ላይ «የሥራ ባህል አለመዳበር» ብዬ አሰፍር ነበር። ይህ ሐረግ እስከ ዛሬ በየአዳራሹ ይደጋገማል፤ በሰማሁት ቁጥር የራሴን እጅ ጽሑፍ ያየሁ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ፣ ልብስ ለዓለም ገበያ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፉ። ዜናው ሲወጣ፣ ባልደብቀው፣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ጥፋቱ የደመወዙ ነው እንጂ የእኔ አይደለም ብዬ። ደመወዙን በእርግጥ እኔ አልወሰንኩም። እኔ የወሰንኩት ምን እንዲያውቁ፣ ምን እንዳያውቁ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘግቶ ከፓርኩ ወጣ፤ ታኅሣሥ 23 ደግሞ ኢትዮጵያ አሜሪካ ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ተሰረዘች። እኔ ያኔ ሥራውን ትቼ ነበር። ካመጣኋቸው ልጆች አንዳንዶቹ የልብስ ስፌት መኪና ገዝተው ይርጋለም ገበያ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ዓረብ አገር ገቡ። ያቺ የሁላዋ ልጅ ቤሩት ናት፤ አልፎ አልፎ በኢሞ ትደውላለች። ጎረቤት የምትሠራ ፊሊፒንሳዊት ጓደኛ አላት። የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የቤት ሠራተኞቼ በወር ከ400 ዶላር በታች አይቀጠሩም ብሎ ደንግጎ ነበር። «የእኔ ግማሹንም አይሞላም» አለችኝ፤ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው ያነሳችው። ያን ቀን ክሊኒክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ስለተባለው እስካሁን አልነገርኳትም። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ልነግራት እልና ስለ እናቷ ጤና እጠይቃለሁ።

ባለፈው በጋ አለታ ወንዶ ገበያ ላይ አባቷን አገኘኋቸው። አልተቀየሙኝም፤ ጭራሽ ቡና ጋበዙኝ። ታናሿም አሥረኛ ጨርሳለችና ፓርኩ ሰው ይቀበል እንደሆነ ጠየቁኝ። ቡናው ሳይቀዳ የዳቶን ኪራይ ነገርኳቸው፤ የውሃውን፣ የእራቱን፣ ከደመወዙ ምን እንደሚተርፍ። ጣታቸውን እያጠፉ አብረውኝ ደመሩ። «ይሁን ልጄ» አሉኝ፣ «ብቻ ስልክህን ስጠኝ።» ሰጠኋቸው።