ነገርን ከሶኬቱ

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ሲሉ ኮምፒዩተር የሚባል ዕቃ ገና አልታሰበም ነበር። ይሁን እንጂ አልነሣ ላለ ኮምፒዩተር ከዚህ የተሻለ ምክር እስካሁን አላጋጠመኝም። ብዙዎቻችን ቁልፉን ተጭነን ዝም ሲለን ወዲያው «ተቃጠለ!» እንላለን። ራሱን የሳተ ሰው ትንፋሹ ሳይደመጥ ለቅሶ እንደ መቀመጥ ያለ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ማክሰኝት ነበርሁ። ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ ናት። አንዲት ወረቀት ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ወደ አንድ የኮምፒዩተር ጽሑፍ ቤት ብገባ፣ ወጣቷ ጸሐፊ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆማለች። አግዳሚው ላይ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ አልነሣም ብሏል፤ የሽማግሌው የይግባኝ ማመልከቻ ደግሞ እውስጡ ነው።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ይግባኝ ባይ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን እንዲያቀርብ ያዛል። በአንድ የውርስ ቤት ክርክር የተረቱት ሽማግሌ 58ኛው ቀን ላይ ነበሩ። ጸሐፊዋ ማመልከቻውን እየተነገራት በቀጥታ በኮምፒዩተር ስለ ጻፈችው፣ በእጅ የተጻፈ ቅጂ የለም። በስልክ የተጠየቀው ጠጋኝም ዕቃውን ሳያይ «ቦርዱ ተቃጥሏል፤ አዲስ ግዙ» ብሎ ፈርዷል።

«አባቴ፣ ነገ ቢመለሱስ?» አለቻቸው።

«ነገማ ጎንደር መግባት አለብኝ፣ ልጄ። ለመሆኑ ጽሑፉም አብሮ ሞተ?»

ጥያቄያቸው ከጠጋኙ ፍርድ ይልቅ የበሰለ ነበር። ተጽፎ የተቀመጠ ጽሑፍ የሚኖረው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ኃይል ቢቋረጥም እዚያው ይቆያል። «ሴቭ አድርገሽው ነበር?» አልኋት። አድርጋዋለች። እንግዲያው የምንፈልገው ኃይሉ የት ላይ እንደ ቀረ ነው። እኔ ጠጋኝ አይደለሁም፤ ሆኖም ዓመታት ከዴስክቶፕ ጋር የኖረ ሰው ይህን ያህል መሞከር አያቅተውም።

ከግድግዳው ጀመርን። የስልክ ቻርጀር ሶኬቱ ላይ ሰካን፤ ይሠራል። ቀጥለን ዲቫይደሩ ላይ ሰካነው፤ ይሠራል። የኮምፒዩተሩን ገመድ ነቅለን በስክሪኑ ገመድ ተካነው፤ ለውጥ የለም። ከጀርባው ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ አልተዘጋችም። በአሮጌ ዕቃዎች ላይ 115 እና 230 የሚል መምረጫ አለ፤ የአገራችን መሥመር 220 ቮልት ስለ ሆነ 230 ላይ መሆን አለበት፤ ነውም። ከዚያ ገመዱን ነቅለን፣ ቁልፉን ለጥቂት ሰኮንድ ተጭነን፣ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን፤ አንዳንዱ ኃይል ሲበዛበት ራሱን ይቆልፍና የሚለቀው ፈጽሞ ከመሥመር ሲወጣ ነውና። አሁንም ዝም።

ገመዱ እንደ ተነቀለ በካቻቪቴ ክዳኑን ከፈትን። ከግድግዳ የመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት የሚለውጠው ሳጥን ፓወር ሰፕላይ ይባላል። መብራት በድንገት ሲመለስ የመጀመሪያውን ዱላ የሚቀበለው እሱ ነው። ከሳጥኑ ወጥቶ ቦርዱ ላይ የሚሰካውን ባለ 24 ቀዳዳ መሰኪያ አወጣንና፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ማያያዣ ሽቦ አገናኘን። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ገመዱ ሲሰካ ማራገቢያው ይሽከረከር ነበር። አልተንቀሳቀሰም። ቢንቀሳቀስ ፍለጋችን ወደ ማስነሻው ቁልፍ፣ ወደ ሚሞሪው፣ በመጨረሻም ወደ ቦርዱ ያልፍ ነበር። ሳጥኑን ራሱን ግን አልከፈትነውም፤ ከተነቀለም በኋላ ለጊዜው ከ300 ቮልት በላይ ሊይዝ ስለሚችል የባለሙያ እጅ ይሻል።

ጠረጴዛው ሥር አቧራ የለበሰ ሌላ አሮጌ ኮምፒዩተር ተጥሎ ነበር። የእሱን ሳጥን በዚያው ሽቦ ስንፈትነው ማራገቢያው ዞረ። አራት ብሎን ፈትተን አራት ብሎን አሰርን። ቁልፉ ሲጫን አሮጌው ማራገቢያ እያጉረመረመ ተነሣ። ሽማግሌው ከአግዳሚው ብድግ ብለው «ነፍስ ዘራ?» አሉ። ማመልከቻው እንደ ተጻፈ ተገኘ፤ ታትሞም እጃቸው ገባ።

ያን ቀን ያየሁትን ከዚያ ወዲህም ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የተከዜና የበለስ ማመንጫዎች በ2002 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁንና ኃይል መኖሩ ሌላ፣ ኃይል መድረሱ ሌላ ነው። ከግድቡ እስከ ማክሰኝቷ ጠረጴዛ ድረስ ታላላቅ ምሰሶዎች፣ ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪ፣ ዲቫይደርና አንዲት የብረት ሳጥን አሉ፤ አንዱ ከተበጠሰ የቀረው ሁሉ አይጠቅምም። የሽማግሌው መብትም እንዲሁ ነው። ሕጉ መጽሐፍ ላይ ሰፍሯል፤ ከመጽሐፉ እስከ ጎንደር ችሎት ለመድረስ ግን በዚያች ሳጥን በኩል ማለፍ ነበረበት።

ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶም እስኪረጋ ታገሡ። የሰው ጉዳይ ያለበትን ጽሑፍ በፍላሽም ያዙ። ኮምፒዩተሩ ዝም ካለ ከግድግዳው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። «ተቃጠለ» የሚለውን ፍርድ ግን ለመጨረሻ አቆዩት፤ እሱም ይግባኝ አለው።