የእንግዳ ቤትና የራስ ቤት

ከኢየሩሳሌም ወደ ቤተ ልሔም የሚወስደው መንገድ የሀገራችን ተሳላሚዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነው። በዚህ መንገድ ስንሄድ፥ በከተማው ደቡብ በኩል ጊቫት ሃማቶስ የሚባል ኮረብታ እናገኛለን። ትርጓሜው የአውሮፕላን ኮረብታ ማለት ነው፤ በ1959 ዓ.ም. በተደረገው የስድስት ቀን ጦርነት አውሮፕላን ስለ ወደቀበት ይህ ስም ወጣለት። ስለ ምድሩ እስራኤላውያንና ፍልስጥኤማውያን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እኛ ግን የምንጽፈው በዚያ ሰፍረው ስለ ነበሩት ወገኖቻችን ነው።

በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፥ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተሻገሩ። ይህን ለሚያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ የሚበቃ ቤት ስላልተገኘ፥ አንዳንዱ በሆቴል፥ አንዳንዱም በመቀበያ ጣቢያ ተቀመጠ፤ ኋላም አያሌው ካራቫን በሚባል ተነቃይ ቤት ሰፈረ። ጊቫት ሃማቶስም ከነዚህ ሰፈሮች አንዱ ነበረ።

እነዚህ ሰዎች በጎንደርና በስሜን ሳሉ ወንዶቹ አራሾች፥ አንጥረኞችና ሸማኔዎች፥ ሴቶቹም ሸክላ ሠሪዎች ሆነው በእጃቸው ሥራ ያድሩ ነበር። በጣቢያ ግን ጉዳያቸውን የሚያስፈጽመው ሹም ሆነ። ቋንቋውንም ፈጥነው የሚለምዱ ልጆች ናቸውና፥ አባት በልጁ አፍ የሚናገር ሆነ። ይህም ለቤተ ሰብ ቤት ከማጣት የማያንስ ጕዳት ነው።

ስለዚህ መጠለያው ከትምህርት ጋር ተያያዘ። ኡልፓን በሚባለው ትምህርት ቤት ዐዋቂዎች ዕብራይስጥን በዚያው በዕብራይስጥ ይማሩ ነበር። ደግሞ ለዚሁ የተመደቡ ሴቶች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፥ የኤሌክትሪክ ምድጃ አያያዝን፥ የባንክ ሒሳብንና የወር ወጪ አመዳደብን ለእመቤቶች ያሳዩ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ገደማም መንግሥት ለቤት መግዣ የተለየ ብድር ፈቀደ፤ ከዚህም ብዙው እጅ የማይመለስ ስጦታ ነበረ። አያሌ ቤተ ሰቦችም በሬሖቮት፥ በነታንያና በሌሎችም ከተሞች ባለቤቶች ሆኑ።

ነገር ግን ብዙዎቹ የገዙት ዋጋው ርካሽ በሆነበት ሰፈር ስለ ሆነ፥ በአንድ አካባቢ ተከማቹ። ቤት ተገኘ እንጂ፥ መልካም ሥራና ከሌላው ሕዝብ ጋር መጐራበት በዚያው ልክ አልተገኘም።

ከዚህ የምንረዳው ቍልፍ ብቻውን ሰውን ባለቤት እንደማያደርገው ነው። በሀገራችንም ከቀዬው ተፈናቅሎ በጊዜያዊ መጠለያ የተቀመጠ ወገን አለ። እርሱን የምታስተዳድሩ ሹማምንት ሆይ፤ እህልና ጣራ ከሰጣችሁ በኋላ ቀድሞ የሚያውቀውን ሙያ ጠይቁት፤ በዚያም ላይ አዲሱን ጨምሩለት። ገና በመጠለያ ሳለ አባትና እናት ከልጆቻቸው እኩል ይማሩ። ያን ጊዜ የራሳቸው ቤት በተሰጣቸው ቀን፥ በቤታቸው ውስጥ እንግዳ አይሆኑም።