እናትነት፣ ብዕርና መስቀል

በአማርኛችን «ባለሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ወጡን አጣፍጣ የምትሠራውን፣ ጥጡን አቅጥና የምትፈትለውን፣ እንግዳዋን በክብር ተቀብላ ልጆቿን በሥርዓት የምታሳድገውን የቤት እመቤት ያመለክታል። ሁለተኛው ደግሞ በትምህርት ወይም በጥበብ ተለይቶ የታወቀ ሰው የሚጠራበት ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ ትርጉሞች በአንዲት ሴት ላይ ይገናኛሉ ሲባል ብዙ ሰው ይጠራጠራል። ቤትና ልጆች የያዘች ሴት ብዕር ለመያዝ ጊዜ አታገኝም፤ ብዕር የያዘችም ቤቷን ትበድላለች ይባላል። ሃይማኖት ሲጨመርበት ጥርጣሬው የባሰ ይሆናል፤ ጸሎት የሚያዘወትር ሰው ለኪነ ጥበብ የሚያስፈልገው የአእምሮ ነፃነት ይጐድለዋል የሚሉ አሉና።

ይህን አስተያየት በክርክር መመለስ ይቻል ይሆናል። እኔ ግን ከክርክር ይልቅ የአንዲት እናት ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ ስለማምን፣ የኖርዌይዋን ደራሲ የወይዘሮ ሲግሪድ ኡንድሴትን ታሪክ ለአንባቢያን ለማስታወስ አስቤአለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እርሳቸውን ያወቅኋቸው በመጻሕፍታቸው ሲሆን፣ በመጀመሪያ ልቤን የማረከው የድርሰታቸው ውበት ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን ከድርሰቱ ይልቅ ድርሰቱ የተጻፈበት ቤት ያሳስበኝ ጀመር።

ወይዘሮ ሲግሪድ በሜይ 20 ቀን 1882 በዴንማርክ አገር ካሉንቦርግ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ኢንግቫልድ ኡንድሴት በጥንታዊ ቅርስ ምርምር የታወቁ ኖርዌያዊ ሊቅ ነበሩ፤ እናታቸው የዴንማርክ ተወላጅ ናቸው። ቤተሰቡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ያን ጊዜ ክሪስቲያኒያ ትባል ወደነበረችው ወደ ዛሬይቱ ኦስሎ ተዛወረ። የጥንቱን ዘመን ፍቅር ከአባታቸው ወረሱ። አባትየው ታመው በተኙ ጊዜ የቆዩትን የሰሜን አገር ታሪኮች የሚያነቡላቸው ይህችው የበኵር ልጃቸው ነበረች። በ1893 አባት ሲሞቱ ልጅቱ ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስትሆን፣ እናት ከሦስት ሴቶች ልጆች ጋር በችግር ላይ ወደቁ።

ስለዚህ ወይዘሮ ሲግሪድ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ትምህርታቸውን ትተው በአንድ ኩባንያ ጽሕፈት ቤት ሥራ ገቡ። በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል አገለገሉ። ቀን ቀን የሌላውን ሰው ደብዳቤ ሲጽፉ ይውሉና ሌሊት ሌሊት የራሳቸውን ድርሰት ይጽፉ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ታሪክ ላይ የተመሠረተውን የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን ይዘው ወደ አንድ አሳታሚ ቢሄዱ፣ ታሪካዊ ልብ ወለድ የእርሳቸው ሙያ እንዳልሆነና ስለ ዘመኑ ኑሮ ቢጽፉ እንደሚሻላቸው ተነገራቸው። እርሳቸውም ምክሩን ለጊዜው ተቀብለው በ1907 የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን፣ በ1911 ደግሞ ስማቸውን ያስጠራውን «የኒ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። የጥንቱ ዘመን ግን ከልባቸው አልወጣም ነበር።

በ1912 አንደርስ ስቫርስታድ የተባሉትን ሠዓሊ አገቡ። ሠዓሊው ቀድሞ አግብተው የፈቱ የሦስት ልጆች አባት ነበሩ። ከዚህ ጋብቻ በ1913 አንደርስ፣ በ1915 ማረን ሻርሎተ፣ በ1919 ሃንስ ተወለዱ። በአንድ ወቅት ወይዘሮ ሲግሪድ የእንጀራ ልጆቻቸውንም ከራሳቸው ልጆች ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያሳድጉ ነበር። ይሁን እንጂ ትዳሩ አልጸናም። የመጨረሻውን ልጅ ፀንሰው ሳሉ ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ሊለሃመር ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዱ፤ በዚያም ብየርከቤክ የተባለውን ቤት መኖሪያቸው አደረጉ። ከእንጨት የተሠሩ የቆዩ የገጠር ቤቶች አስመጥተው አስተከሉ፤ አትክልትና አበባውን በገዛ እጃቸው ይንከባከቡ ጀመር።

ማረን ሻርሎተ የተባለችው ሴት ልጃቸው እንደ ሌሎቹ ልጆች አእምሮዋ ሊዳብር አልቻለም፤ በሽታም ያሠቃያት ነበር። እርሳቸው ግን ከቤት አላራቋትም። ረዳት ሴቶች ቢኖሯቸውም የልጅቱ ሐሳብ ከልባቸው አይለይም ነበር። የሦስት ልጆች እናት፣ የአንድ ቤት አስተዳዳሪ፣ የአንዲት በሽተኛ አስታማሚ የሆነች ሴት በምን ጊዜ ትጽፋለች ቢባል፣ መልሱ ሌሊት ነው። ልጆቹ ሲተኙ መብራታቸውን አብርተውና ቡናቸውን አቅርበው፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ይጽፉ ነበር። በ1920፣ በ1921 እና በ1922 በተከታታይ የታተሙት፣ በጠቅላላው ከአንድ ሺህ ገጽ የሚበልጡት ሦስቱ የክሪስቲን መጻሕፍት የተጻፉት በእነዚህ ሌሊቶች ነው።

የመጽሐፉ ርእስ «ክሪስቲን ላቭራንስዳተር» ሲሆን፣ ትርጓሜው «የላቭራንስ ልጅ ክሪስቲን» ማለት ነው። ልጅን በአባት ስም መጥራት የእኛም ልማድ በመሆኑ፣ ለአማርኛ አንባቢ ርእሱ እንግዳ አይሆንበትም። ታሪኩ የሚፈጸመው በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት፣ ኖርዌይ ካቶሊካዊት በነበረችበት ዘመን ነው። ክሪስቲን የአባቷን ፈቃድ ተላልፋ የወደደችውን ሰው ታገባለች፤ ወንዶች ልጆች ትወልዳለች፤ ባሏ ቸል ያለውን ርስት ታቀናለች፤ ከአባቷ ጋር፣ ከባሏ ጋር፣ ከራሷም ጋር ትታገላለች። ደራሲዋ የቤትን ሥራ፣ የምጥን ጭንቅ፣ የእህልን ጐተራ፣ የታመመ ልጅን ትኩሳት እንዲህ አጥርተው ሊገልጹ የቻሉት በሩቅ ሆነው ሲመለከቱ ስላልኖሩ ነው። ቀን በእጃቸው የሠሩትን ሌሊት በብዕራቸው ጻፉት።

የመጽሐፉ ፍጻሜ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ክሪስቲን በስተእርጅና ወደ ገዳም ትገባለች። በ1349 ታላቁ ወረርሽኝ ሲመጣ ሰዎች ከፍርሃት ብዛት አንድ ጠያቂ የሌለው ድኻ ሕፃን ከነሕይወቱ ቀብረው መቅሠፍቱን ለማብረድ ይነሣሉ። ክሪስቲን ደርሳ ሕፃኑን ታድናለች፤ በበሽታው ሞታ የተጣለችውን እናቱን አስከሬን ለማንሣት ማንም ስላልደፈረ እርሷው ሄዳ ትሸከማለች፤ በዚህም ምክንያት በሽታው ይዟት ትሞታለች። ብዙ ልጆች ያሳደገች እናት የመጨረሻ ሥራዋ የሰው ልጅ ማዳን ሆነ። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር፣ በሚቀጥለው ክፍል ስለምትተኛው ስለ ማረን ሻርሎተ ሳላስብ አላልፍም።

ወይዘሮ ሲግሪድ ያደጉት ለሃይማኖት ብዙ ግድ በሌለው ቤት ውስጥ ነው። የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት ከብዙ ዓመታት ንባብና ማሰላሰል በኋላ በኖቬምበር 1 ቀን 1924 ነበር። ኖርዌይ የሉተራውያን አገር በመሆኗ ካቶሊኮች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ የታወቀች ደራሲ ወደ እነርሱ መግባቷ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ነቀፋም አስከተለባቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ቀድሞ አግብቶ ከፈታ ሰው ጋር የተደረገውን ጋብቻ ስለማትቀበል የእርሳቸውም ጋብቻ በዚያው ዓመት ፈረሰ። በ1928 ደግሞ በዓለም እየኖሩ የዶሚኒካውያንን ማኅበር ሥርዓት ከሚጠብቁት ምእመናን አንዷ ሆኑ። እምነታቸው ብዕራቸውን አላሰረውም፤ «ኡላቭ አውዱንስሶን» የተባለውን ሰፊ ታሪካዊ ልብ ወለድ በ1925 እና በ1927 መካከል ያሳተሙት ካቶሊክ ከሆኑ በኋላ ነው።

በዚያው በ1928 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን ሽልማት ካገኙት ሴቶች ሦስተኛዋ ናቸው። ሽልማቱን ያስገኘላቸውም በተለይ የሰሜን አገሮችን የመካከለኛ ዘመን ኑሮ የገለጹበት ድርሰት፣ ማለትም አሳታሚው ተዪው ያላቸው ያ የጽሑፍ ዓይነት ነበር። ገንዘቡን ግን ለራሳቸው አላስቀሩትም። አንዱን ክፍል ለአገራቸው ደራስያን ማኅበር፣ ሌላውን ለካቶሊክ ልጆች ትምህርት፣ ሌላውን ደግሞ እንደ ማረን ሻርሎተ ያለ ልጅ በቤታቸው ለሚያሳድጉ ችግረኛ ወላጆች ርዳታ እንዲሆን ሰጡ።

በዚህ ስፍራ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እኔ በመምህርነት ስሠራ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ስማቸው ያልሰፈረ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገቡ ልጆች በየሰፈሩ እንዳሉ ዐውቄአለሁ። ወላጆቻቸው ጨካኞች አይደሉም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃትና «የኃጢአቴ ቅጣት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ አንገታቸውን አስደፍቷቸው ነው። ወይዘሮ ሲግሪድ በዓለም ፊት ከፍ ባሉበት ቀን ክብራቸውን ያካፈሉት፣ አንዱንም መጽሐፋቸውን ልትረዳ ከማትችለው ልጃቸው ጋር ነው። ሃይማኖት፣ እናትነትና ድርሰት በእርሳቸው ዘንድ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች እንዳልነበሩ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ኀዘን በኀዘን ላይ መጣ። በ1939 ማረን ሻርሎተ ሞተች፤ በዚያው ዓመት እናታቸውም ዐረፉ። በጃንዋሪ 1940፣ ፊንላንድ በሶቪየት ጦር በተወረረች ጊዜ፣ የኖቤል የወርቅ ሜዳያቸውን ለተጐጂዎች ርዳታ ሰጡ። በኤፕሪል 9 ቀን የጀርመን ጦር ኖርዌይን ወረረ። የበኵር ልጃቸው አንደርስ የጦር መኰንን ሆኖ ሲዋጋ በኤፕሪል 27 ቀን ከቤታቸው በማይርቀው በጋውስዳል ወደቀ፤ ዕድሜው ሃያ ሰባት ዓመት ነበር። እርሳቸው ናዚዎችን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በጽሑፍ ሲቃወሙ፣ መጻሕፍታቸውም በጀርመን አገር ሲከለከሉ ስለቆዩ፣ ለሕይወታቸው ያሠጋ ነበርና ተሰደዱ። በስዊድን፣ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓን በኩል አድርገው ከሃንስ ጋር አሜሪካ ደረሱ፤ በኒውዮርክ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል ተቀመጡ። ብየርከቤክን የጀርመን መኰንኖች ያዙት።

በስደት ሳሉ ከጻፏቸው መጻሕፍት አንዱ በ1942 የታተመው «የደስታ ጊዜያት በኖርዌይ» የተባለው ነው። በውስጡ ስለ ጦርነት ከመናገር ይልቅ የቤታቸውን ኑሮ፣ የገናን በዓል፣ የበጋውን ዕረፍት፣ የሁለቱን ወንዶች ልጆች ጨዋታና የትንሿን ልጅ ነገር ይተርካሉ። መጽሐፉ ሲጻፍ ቤቱ በጠላት እጅ ነበር፤ ልጅቱም አንደርስም በመቃብር ነበሩ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ በየገጹ ያለውን ሣቅ ሲያነብ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ጠላት የያዘባቸውን ቤት በቃላት መልሰው ሠሩት፤ የሞቱትንም ልጆች ከገና ማእዳቸው አላስቀሩም።

በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1947 ንጉሡ የቅዱስ ኡላቭን ታላቅ ኒሻን ሸለሟቸው። ኀይላቸው ግን ደክሞ ነበር። ስለ ቅድስት ካትሪና ዘሲየና የጻፉት መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1951 ነው። በጁን 10 ቀን 1949 በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ቤታቸው ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል።

መቃብራቸው ከሊለሃመር በስተምሥራቅ በሜስናሊ ይገኛል፤ ሦስት ጥቁር መስቀሎች ጐን ለጐን ቆመውበታል። አንዱ የእናትየው ነው፤ ሌሎቹ የአንደርስና የማረን ሻርሎተ ናቸው። ዓለም ሁሉ ያከበራቸው ደራሲ ያረፉት በሁለት ልጆቻቸው አጠገብ ነው። የእርሳቸው ሕይወት ቀላል ነበር፣ ሁሉም ተሳካላቸው አልልም፤ ትዳራቸው ፈርሷል፣ ልጆቻቸውን ቀብረዋል፣ አገራቸውን ጥለው ተሰደዋል። ነገር ግን ቤታቸውን ለብዕራቸው ብዕራቸውንም ለቤታቸው አልሠዉም፤ ሁለቱንም በአንድ እምነት ይዘው እስከ መጨረሻው ሄዱ። እንዲህ ያለችውን ሴት ባለሙያ ብንላት፣ ከሁለቱ የቃሉ ትርጉሞች የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ማንም ሊጠይቀን አይገባም።